ዓሣን ስለሚያሳየው መሣሪያ

ሰው ዓሣ የሚያጠምደው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ለእንጀራ ነው፤ ሁለተኛው ለመዝናኛ ነው። ለእንጀራው የሚያጠምድ ሰው መረቡ ባዶ ሆኖ ሲወጣ ልጆቹ ጦማቸውን ያድራሉ፤ ለመዝናኛ የሚያጠምደው ግን ባዶ እጁን ቢመለስም እራቱ በቤቱ ይጠብቀዋል። እንግዲህ ይህ ሁለተኛው ሰው፥ ዓሣው ያለበትን ስፍራ የሚነግረው፥ ከዚያም አልፎ ዓሣውን ራሱን ሲዋኝ በመስተዋት ላይ የሚያሳየው መሣሪያ ገዝቶ በጀልባው ላይ ቢተክል፥ ተጠቀመ እንበል ወይስ ተጐዳ? በአሜሪካ አገር በየሐይቁ ዳር ይህ ጥያቄ ወዳጅን ከወዳጅ እስከ ማቃቃር ደርሶአል።

በደጋ ተወልዶ በደጋ ያረጀ አንባቢ፥ «ይህ ለእኔ ምኔ ነው?» ይል ይሆናል። እኔም ብሆን ዘንግና መንጠቆ ይዤ የዋልሁበት ቀን በጣት የሚቈጠር ነው። ዳሩ ግን የነገሩን ታሪክ ስመረምረው ከዓሣ የሚበልጥ ነገር አገኘሁበት፤ ማግኘት ከመፈለግ ሲለይ በሰው ላይ ምን እንደሚደርስ ይህን ያህል አጥርቶ የሚያሳይ ሌላ ታሪክ አላውቅም። ስለዚህ አንባቢዬ ጥቂት ይታገሠኝ። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍኋቸው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

የውኃን ጥልቀት ለማወቅ ሰው ለብዙ ሺህ ዓመታት የነበረው ዘዴ ከባድ ነገር በገመድ አስሮ መጣል ነበረ። በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 27፥ ጳውሎስን የጫነችው መርከብ በማዕበል ስትንገላታ መርከበኞቹ በሌሊት ገመድ ጥለው እንደ ለኩ፥ ልኩም ከ20 ወደ 15 እንደ ወረደላቸው ተጽፎአል፤ የአንዱ ልክ ርዝመት ሰው ሁለት እጆቹን ግራና ቀኝ ሲዘረጋ የሚሆነውን ያህል ነው። በኋለኛው ዘመን የነበሩ መርከበኞች ደግሞ በገመዱ ጫፍ ባለው የእርሳስ ብረት ግርጌ ሞራ ይለጥፉበት ነበር። ብረቱ ሲወጣ በሞራው ላይ የተጣበቀውን አሸዋ ወይም ጭቃ ወይም የዛጐል ስባሪ አይተው ከየትኛው ስፍራ እንደ ደረሱ ያውቃሉ። አሜሪካዊው ደራሲ ማርክ ትዌይን የብዕር ስሙን የወሰደው ከዚሁ ሥራ ነው፤ በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ገመድ ጣዩ ሁለት ልክ ውኃ መኖሩን ለመሪው ሲያስታውቅ የሚጮኸው ቃል ነበረና።

ዓሣ አጥማጁም ከዚህ የተሻለ ነገር አልነበረውም። የውኃውን ቀለም ይመለከታል፤ ወፎቹ ወዴት እንደሚወርዱ ያያል፤ ነፋሱ የትኛውን ዳርቻ እንደሚመታ ያስተውላል፤ ትናንት የያዘበትን ስፍራ ከማዶ ባለው ዛፍና በኮረብታው ጫፍ ያስታውሳል። ይህ ዕውቀት በአንድ ቀን አይገኝም። አባት ለልጁ ያወርሰዋል እንጂ ለጐረቤት የሚነገር አልነበረም። በእንግሊዝ አገር በ1496 ዓመት የታተመው፥ ጁሊያና በርነርስ የተባለች እመቤት እንደ ጻፈችው የሚነገርለት የዓሣ ማጥመድ ትምህርት፥ አጥማጁ ስስታም ሆኖ በአንድ ጊዜ ብዙ እንዳይወስድ ይመክራል። አይዛክ ዋልተንም በ1653 ዓመት ባሳተመው በታወቀው መጽሐፉ፥ ዘንግ ይዞ በወንዝ ዳር መዋል ለሚያሰላስል ሰው የተገባ ዕረፍት መሆኑን አስተምሮአል። ሁለቱም ሲጽፉ ዓሣ ያልተገኘበትን ቀን እንደ ጠፋ ቀን አልቈጠሩትም።

ወደ መሣሪያው ልለፍ። ታይታኒክ የተባለችው መርከብ በሚያዝያ 1912 ዓመት ከበረዶ ተራራ ጋር ተጋጭታ ከ1500 የሚበልጡ ሰዎች ካለቁ በኋላ፥ በጨለማና በጉም ውስጥ የተሸሸገውን እንቅፋት አስቀድሞ ለማወቅ ብዙ ሊቃውንት ደከሙ። አሳባቸው ለእኛ ለተራራ ልጆች እንግዳ አይደለም። እረኛ በገደል አፋፍ ቆሞ ሲጮኽ ገደሉ መልሶ ይጮኽበታል፤ ይህንንም የገደል ማሚቶ እንለዋለን። ድምፁ ሄዶ እስኪመለስ የወሰደው ጊዜ ቢለካ የገደሉ ርቀት ይታወቃል። ድምፅ ደግሞ በውኃ ውስጥ በአንድ ሴኮንድ 1500 ሜትር ያህል ይጓዛልና በአየር ውስጥ ከሚጓዘው ከአራት እጥፍ በላይ ይፈጥናል። ጀርመናዊው አሌክሳንደር ቤም በ1913 ዓመት የባሕርን ጥልቀት በማሚቶ ለመለካት የባለቤትነት መብት አስመዘገበ። በካናዳ ተወልዶ በአሜሪካ ይሠራ የነበረው ሬጂናልድ ፌሰንደን ደግሞ በሚያዝያ 1914 ዓመት በኒውፋውንድላንድ አጠገብ ባለው ባሕር ላይ፥ ማያሚ ከምትባል መርከብ ሆኖ ድምፅ ወደ ውኃው ላከና ከሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ከበረዶ ተራራ ማሚቶውን ተቀበለ። አንባቢ ሆይ፥ የዚህን ባሕር ስም ያዝልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ጥቂት ወራት ቈይቶ ታላቁ ጦርነት ተነሣ። የበረዶ ተራራ ለማግኘት የታሰበው ነገር በውኃ ውስጥ የሚሄደውን የጠላት መርከብ ለማደን ዋለ። ፈረንሳዊው ፖል ላንዠቨን በኳርትዝ ድንጋይ ጠባይ ተጠቅሞ የሰው ጆሮ የማይሰማውን ቀጭን ድምፅ ወደ ባሕር ለመስደድ ቻለ። ዓሣን ያሰበ ማንም አልነበረም።

ሰላም ከሆነ በኋላ ግን በየመርከቡ የተተከለው የጥልቀት መለኪያ አንድ ያልተጠበቀ ነገር ይናገር ጀመር። ከባሕሩ ወለል የሚመለሰው ማሚቶ ሳይደርስ፥ በመካከል ሌላ ደካማ ማሚቶ ይሰማ ነበር። ይህም የዓሣ መንጋ ነው። ብዙዎቹ ዓሦች በሆዳቸው ውስጥ በአየር የተሞላች ከረጢት አለቻቸው፤ በውኃ ውስጥ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳይሄዱ ጸጥ ብለው ለመቆም የምታስችላቸው እርስዋ ናት። ድምፅ ከሥጋቸው ይልቅ ከዚህች አየር ላይ ነጥሮ ይመለሳል፤ እንግዲህ ዓሣውን የምታሳጣው በሆዱ የተሸከማት እስትንፋስ ናት ማለት ነው። በጃፓን ኪሙራ የተባለ ሊቅ በ1929 ዓመት ይህንኑ በሙከራ አሳየ። ሮናልድ ቦልስ የተባለ እንግሊዛዊ መርከበኛ ከ1933 ዓመት ጀምሮ ሄሪንግ የሚባለውን ዓሣ በጥልቀት መለኪያ ይፈልግ ጀመር። ኖርዌያዊው ኦስካር ሱንድ በ1935 ዓመት በሎፎተን ደሴቶች አጠገብ ያሉት የኮድ ዓሦች በወረቀት ላይ የጣሉትን ጥቁር ምልክት ለዓለም ሊቃውንት አሳወቀ። በሁለተኛው ጦርነት ማግሥት በ1948 ዓመት ፉሩኖ የሚባሉ ወንድማማቾች በናጋሳኪ አውራጃ ለዓሣ አጥማጆች ተብሎ የተሠራ መሣሪያ ለገበያ አወጡ። እስከዚህ ድረስ ያለው ታሪክ ሁሉ የእንጀራ ታሪክ ነው፤ ጦርነት የጐዳው ሕዝብ ርቦት ነበርና ማንም ሊነቅፈው አይገባም።

የመዝናኛው ታሪክ የሚጀምረው በአሜሪካ ነው። ካርል ሎውራንስና ልጆቹ በውኃ ውስጥ እየጠለቁ የሐይቅ ዓሦችን ኑሮ ሲመለከቱ፥ ዓሦች በሐይቁ ሁሉ እኩል ተበትነው እንደማይኖሩ አስተዋሉ። ሰፊው ውኃ ባዶ ነው፤ ዓሦቹ ግን በአንድ ዐለት አጠገብ፥ በወደቀ ግንድ ሥር፥ ውኃው በድንገት በሚጠልቅበት ጠርዝ ላይ ተሰብስበው ይገኛሉ። ቤተ ሰቡ በ1957 ዓመት ሥራቸውን አቋቋሙ፤ በ1959 ዓመትም አንዲት ትንሽ አረንጓዴ ሣጥን ለሽያጭ አቀረቡ። ሣጥኗ በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ፥ ሰው በእጁ አንጠልጥሎ በማናቸውም ጀልባ ላይ ሊያኖራት የሚችል ነበረች። በፊትዋ እንደ ሰዓት ክብ ነገር አለ፤ በዙሪያው የጥልቀት ቍጥር ተጽፎአል፤ የሐይቁ ወለል ባለበት ቍጥር ላይ ብርሃን ብልጭ ይላል። በመካከል ሌላ ቀጭን ብልጭታ ከታየ ዓሣ ሊሆን ይችላል፤ ቅጠልም ሊሆን ይችላል።

ስለዚህች ሣጥን ጥቂት ልቈይ። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ደቡብ ግድብ እየተሠራ ሸለቆዎች ሁሉ ሐይቅ ይሆኑ ነበር። በውኃው ሥር የጥንቱ ወንዝ መውረጃ፥ የመንገድ ቈረጣ፥ የድልድይ መሠረት፥ የተቈረጠ ደን ጉቶ ተቀብሮ ነበር። አረንጓዴዪቱን ሣጥን የያዘ ሰው ቀስ እያለ ሲቀዝፍ፥ በውኃ የተዋጠውን አገር እንደ ካርታ ያነብበው ጀመር። ወለሉ ጠንካራ ሲሆን ብርሃኑ ደመቅ ይላል፤ ጭቃ ሲሆን ይደበዝዛል። ሰውየው ግን ይህን ሁሉ ካወቀ በኋላ ገና ማሰብ ነበረበት፤ ጊዜው በጋ ከሆነ ዓሣው ወደ ጥልቁ ወርዶ ይሆን? ማለዳ ወደ ጠርዙ ይወጣ ይሆን? ነፋሱ ትናንሾቹን ዓሦች ወዴት ገፋቸው? ሣጥኗ ስለ ሐይቁ ትነግረዋለች፤ ስለ ዓሣው የሚያውቀው ግን እርሱ ራሱ ነበረ። በእኔ አስተያየት ይህች ሣጥን ዓሣ ማጥመድን አላበላሸችም፤ ይልቁንም ሐይቅን የሚያውቁ ሰዎች ቍጥር እንዲበዛ አድርጋለች። ቀድሞ ምስጢር የነበረው ዕውቀት ለጫማ ሠሪውም ለጸሐፊውም ተገለጠ።

በ1967 ዓመት ሬይ ስኮት የተባለ የመድን ሻጭ በአርካንሳስ ግዛት በቢቨር ሐይቅ ላይ 106 አጥማጆችን ሰብስቦ ባስ በሚባለው ዓሣ ውድድር አደረገ፤ በሚቀጥለውም ዓመት የታወቀውን ማኅበር መሠረተ። በ1971 ዓመት ታላቁን ውድድር ባደረገ ጊዜ 24ቱን ተወዳዳሪዎች በአውሮፕላን ጭኖ ወዴት እንደሚሄዱ ሳይነግራቸው አስነሣቸው። ሐይቁ ሚድ የሚባለው በኔቫዳና በአሪዞና መካከል ያለው መሆኑን ያወቁት በአየር ላይ ሳሉ ነው። ይህን ያደረገው የማንም ወዳጅ ቀድሞ ሄዶ እንዳይፈልግለት ነው። የውድድሩ ፍሬ ነገር ምን እንደ ነበረ ከዚህ ይታወቃል፤ የማያውቁትን ውኃ ማን ቶሎ ያውቀዋል የሚል ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልበል። ብርሃኑ በሥዕል ተተካ። በ2000 ዓመት የአሜሪካ መንግሥት በሳተላይት መሪው ላይ ሆነ ብሎ ያደርገው የነበረውን ማዛባት ሲያቆም፥ አጥማጁ መልካም ስፍራውን በዛፍና በኮረብታ ማስታወሱን ትቶ በቍጥር ይመዘግበው ጀመር። በ2005 ዓመት ደግሞ ከጀልባው ግራና ቀኝ ያለውን ወለል እንደ ፎቶግራፍ የሚያሳይ መሣሪያ ወጣ። ይህም ሁሉ ቢሆን ጀልባው አልፎ የሄደበትን የሚያሳይ ነበረ፤ ያለፈውን እንጂ ያለውን አያሳይም።

ታላቁ ለውጥ የመጣው ጋርሚን የተባለው ኩባንያ በ2015 ዓመት ጀምሮት በ2018 ዓመት ላይቭስኮፕ በሚል ስም አጥርቶ ባወጣው መሣሪያ ነው። ይህ መሣሪያ ድምፁን በብዙ ጨረር ከፍሎ ወደ ፊት ይልካል፤ የሚመለሰውንም በቅጽበት ሥዕል አድርጎ ያወጣዋል። አጥማጁ ከጀልባው ፊት ለፊት 30 ሜትርና ከዚያም በላይ ርቆ ያለውን ዓሣ ጅራቱን ሲያወዛውዝ ያያል። መንጠቆውን ይወረውራል፤ መንጠቆው ሲሰምጥ ያየዋል፤ ዓሣው ዞር ሲል፥ ሲከተል፥ ሲያመነታ ያየዋል። ዓሣው እንቢ ካለ ሌላ ዓይነት ማጥመጃ ይወረውርለታል። ዋጋው በሺህ በሚቈጠር ዶላር ነው፤ በአንድ ጀልባ ላይ ሁለትና ሦስት የሚተክሉም ነበሩ። በዘንግ ከሚያጠምዱት ታላላቅ ተወዳዳሪዎች ብዙዎቹ ቀኑን ሙሉ አንገታቸውን ደፍተው መስተዋት ሲመለከቱ ይውላሉ፤ ከዳርቻው ሆኖ የሚያያቸው ሰው ዓሣ የሚያጠምዱ ሳይሆን ደብዳቤ የሚያነብቡ ይመስሉታል።

ክርክሩ የተነሣው እዚህ ላይ ነው። ደጋፊዎቹ የሚሉት ከንቱ አይደለም። መሣሪያው ጥበብ ይጠይቃል፤ የሚታየው ዓሣ ሁሉ አይያዝም፤ እንዲያውም ዓሣ ስንት ጊዜ አይቶ እንደሚንቀን ያወቅነው በዚህ መሣሪያ ነው ይላሉ። በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን ብቻ ዕረፍት ያለው ሠራተኛ፥ ልጁን ይዞ ወጥቶ ልጁ ሳይሰለች አንድ ዓሣ ቢይዝለት ምን ክፉ አለው? ጕልበቱ የደከመ ሽማግሌ፥ ሩቅ መቅዘፍ የማይችል አካለ ስንኩል በዚህ ቢረዳ የሚቀናበት ማን ነው? ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ተቃዋሚዎቹ ከሚሉት ውስጥ ግን የማልቀበለው አለ። የአርባ ዓመት ዕውቀቴን የሃያ ዓመት ወጣት በአንድ መሣሪያ አሸነፈብኝ የሚለው ሐዘን ይገባኛል፥ እኔም ሽማግሌ ነኝና፤ ነገር ግን ሐዘን ማስረጃ አይደለም። ሽማግሌ የተሸነፈበት ነገር ሁሉ ክፉ ቢሆን ኖሮ በዓለም ላይ መልካም ነገር ባልቀረም ነበር።

አንዱ ትውልድ ነውር ያለውን ሌላው ትውልድ ልማድ ሲያደርገው በዚሁ በዓሣ ማጥመድ ታሪክ ታይቶአል። በእንግሊዝ አገር ፍሬድሪክ ሃልፎርድ በ1886 እና በ1889 ዓመት ባሳተማቸው መጻሕፍት፥ ትራውት የሚባለውን ዓሣ በውኃው ፊት ላይ በሚንሳፈፍ ሰው ሠራሽ ዝንብ ብቻ ማጥመድ እንዲገባ አስተማረ፤ ተከታዮቹም ሕግ አደረጉት። ጂ. ኢ. ኤም. ስኪውዝ የተባለ የሕግ ሰው ደግሞ በ1910 ዓመት ባወጣው መጽሐፍ ዝንቡን ከውኃው ፊት ዝቅ አድርጎ ማጥመድ እንደሚቻል አሳየ። ነገሩ እየከረረ ሄዶ በ1938 ዓመት በለንደን በዝንብ አጥማጆች ክበብ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ተከራከሩበት። ዛሬ የስኪውዝን ዘዴ ነውር ነው የሚል ሰው ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። በ1905 ዓመት ኢሊንግዎርዝ የተባለው ሰው ክሩን ያለ ድካም ሩቅ የሚወረውር መጠቅለያ ሲያወጣም ያጕረመረሙ ነበሩ። ስለዚህ «አዲስ ነው» ማለት ብቻ አይበቃም።

ዳሩ ግን አስተውሉ። እነዚህ የጥንቱ ክርክሮች ሁሉ ስለ ማታለል ነበሩ፤ ዓሣው መንጠቆውን እንዲጐርስ ምን ዓይነት ማባበያ ይገባል የሚሉ ነበሩ። አሁን የተነሣው ግን ስለ መፈለግ ነው። የመንጠቆ ዘዴ ቢለወጥም ውኃው እንደ ተሸፈነ ይኖር ነበር፤ በዚህ መሣሪያ የተነሣው መሸፈኛው ራሱ ነው። አሁንም ያልሁትን ልድገም፤ አረንጓዴዪቱ ሣጥን ሐይቁን አስተማረች፤ አዲሱ መስተዋት ግን ሐይቁን ሳያስተምር ዓሣውን ይሰጣል። አጥማጁ ነጥቡ የታየበት ድረስ ይነዳል እንጂ ዓሣው ለምን በዚያ እንደ ቆመ መጠየቅ አያስፈልገውም።

እኔ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የሒሳብ መጽሐፋችን መልሱ በመጨረሻው ገጽ ታትሞ ነበር። መምህራችን መጽሐፉን ከማደላቸው በፊት እነዚያን ገጾች በመርፌና በክር ይሰፉአቸው ነበር፤ ቅዳሜ ቀን ክሩን ፈትተው ሥራችንን ከመልሱ ጋር እንድናስተያይ ያደርጉን ነበር። መልሱን አልቀደዱትም፤ አላቃጠሉትም። እኔም አስተማሪ ከሆንሁ በኋላ የእርሳቸውን ልማድ ያዝሁ፤ መልሱን አስቀድሞ ያየ ልጅ ከስሌቱ ይልቅ ወደ መልሱ የሚያደርስ መንገድ መፈልሰፍ እንደሚቀናው ደጋግሜ አይቻለሁና። ያ ልጅ ሰነፍ ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ብልህ ነው። ነገር ግን ሳምንቱ ሲያልቅ የሚያውቀው ቍጥሩን ብቻ ነው።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱን ለመናገር አንባቢዬ ስሙን እንዲይዝልኝ ወደ ለመንሁት ባሕር መመለስ ያስፈልጋል። በኒውፋውንድላንድ አጠገብ ያለው ባሕር ከ400 ዓመት በላይ የኮድ ዓሣ ጐተራ ነበረ። ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ ዓሣውን በመርከቡ ላይ እያጸዱ የሚያቀዘቅዙ ታላላቅ መርከቦች ማሚቶ መቀበያቸውን ይዘው መጡ፤ በ1968 ዓመት ከዚያ የወጣው የሰሜን ኮድ 800,000 ቶን ያህል ደረሰ። ካናዳ በ1977 ዓመት ባሕሩን እስከ 200 ማይል ድረስ ከልላ የውጭዎቹን መርከቦች አስወጣች፤ የራስዋ መርከቦች ግን በዚያው መሣሪያ ቀጠሉ። አሁን የሚደንቀውን ነገር ስሙ። ዓሣው እያለቀ ሲሄድ መርከቦቹ በአንድ ቀን የሚይዙት መጠን እንደዚያው አልቀነሰም። የቀረው ዓሣ በጥቂት ስፍራ ተጠጋግቶ ይሰበሰብ ነበር፤ መሣሪያውም ያችን ስፍራ ያገኛታል። የመርከቡን መዝገብ የሚያይ ሰው ባሕሩ ሙሉ ነው ብሎ ያስብ ነበር። በትንሽ ጀልባ በዳርቻው የሚያጠምዱት ድኾች ግን ዓሣው ጠፋ፥ መጠኑም አነሰ እያሉ ይጮኹ ነበር፤ ጩኸታቸውን በጊዜው ልብ ያለው ጥቂት ነው። በሐምሌ 1992 ዓመት መንግሥት ማጥመዱን ሲዘጋ 30,000 ያህል ሰው ሥራ ፈታ። ለሁለት ዓመት ተብሎ የተዘጋው ባሕር ለንግድ አጥማጆች በይፋ የተከፈተው በ2024 ዓመት ነው፤ ያውም በ18,000 ቶን ልክ።

ባሕሩን ያራቈተው መሣሪያው ብቻ ነው አልልም፤ ስግብግብነትም የተሳሳተ ስሌትም የባሕሩ ውኃ መቀዝቀዝም ነበረበት። ነገር ግን መሣሪያው አንድ ነገር አድርጎአል፤ ባሕሩ ሊናገረው የነበረውን ቃል ከሰው ጆሮ ከልክሎአል። አጥማጅ ባዶ እጁን ሲመለስ ያ ባዶነት መልእክት ነው። «በዚህ ስፍራ አልቀረም፤ ተወኝ፤ ልረፍ» የሚል የውኃው ቃል ነው። በዳርቻው ያሉት ድኾች ይህን ቃል የሰሙት መሣሪያ ስላልነበራቸው ነው።

ይህ በመዝናኛው ሐይቅ ላይም ይሠራል ብዬ አምናለሁ። ቀድሞ ዓሣው በሰፊው ውኃ መካከል፥ ዐለትም ግንድም በሌለበት ሲሄድ፥ ሰው ሊያገኘው አይችልም ነበር። ያ ስፍራ ማንም ሳይከልለው ተከልሎ ይኖር ነበር፤ ዛሬ ግን መስተዋቱ ከዚያም ያወጣዋል። «ይዘን እንለቀዋለን እንጂ አንገድለውም» የሚሉኝ አሉ፤ በእርግጥም ሬይ ስኮት ከ1972 ዓመት ጀምሮ ተወዳዳሪዎቹ ዓሣውን በሕይወት እንዲመልሱ ያደረገው ምስጉን ሥራ ነው። ነገር ግን ዓሣ ከጥልቅ ውኃ በፍጥነት ሲሳብ ያች በሆዱ ያለችው የአየር ከረጢት ትነፋለች፤ ተመልሶ ለመጥለቅም ይቸግረዋል፤ ብዙውም ከተለቀቀ በኋላ ይሞታል። ያሳጣችው ከረጢት ትገድለዋለች። ደግሞም ለእራቱ የሚወስድ አጥማጅ ጥቂት አይደለም።

«የማይወድ አይግዛው፤ ማን አስገደደው?» የሚለው መልስም ለብቻው ዘንግ ይዞ ለሚውል ሰው ይሠራ ይሆናል እንጂ ለውድድር አይሠራም። አንዱ ከገዛ ሌላው ሳይገዛ አይቀርም፤ ገንዘብ የሌለው ከውድድሩ ይወጣል። ይህን የተረዱት የውድድር ማኅበራት ራሳቸው ገደብ ማውጣት ጀምረዋል። ሬይ ስኮት የመሠረተው ማኅበር በ2025 ዓመት ለታላላቆቹ ተወዳዳሪዎች የመሣሪያውን ብዛት ወሰነ፤ ጨርሶ የከለከለ ሌላ የውድድር ማኅበርም አለ። ሜጀር ሊግ ፊሺንግ የሚባለው ደግሞ በዋናው ውድድሩ ቀኑ በሦስት ክፍል የተከፈለ ስለ ነበረ፥ በ2025 ዓመት ተወዳዳሪው ወደ ፊት የሚያሳየውን መሣሪያ ከሦስቱ ክፍሎች በአንዱ ብቻ እንዲጠቀምበት ደነገገ። በቀሩት ሁለቱ ክፍሎች ይዘጋ ነበር፤ ጥልቀትንና ወለልን የሚናገረው የቀድሞው ዓይነት ግን ቀኑን ሙሉ ቢበራ አልተከለከለም ነበር።